ያስታረቅኋቸው ሁለቱ ግሪኮች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ አፌን የፈታው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በእኔ ምላስ ምክንያት አንድ ሰው ከነበረበት ወንበር ወርዷል። ይህ ትንሹ ጥፋቴ ነው። ትልቁ ግን ጥፋቴን ሌላ ሰው ላይ ጥዬ፣ እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ መሀል መቀመጤ ነው።

ሰውየው ስፒሮ ይባላል። ግሪክ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን አዲስ አበባ፣ እኛ ሰፈር። አባቱ ዳቦ ቤት ነበራቸው። የአጎቱ ልጅ ታኪም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ሦስታችን አንድ ኳስ ስናባርር ነው ያደግነው። የግሪክ ትምህርት ቤት ስለገቡ ፊደል አልቆጠሩም እንጂ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም፤ ስድቡም ምርቃቱም የተሟላ ነው። አብዮቱ መጥቶ ዳቦ ቤቱ ሲወረስ ስፒሮ ከቤተሰቡ ጋር አቴንስ ሄደ፣ ታኪ እናቱን ይዞ ጀርመን ገባ። እኔ ለትምህርት መጥቼ ፍራንክፈርት ቀረሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም ሆኽስት ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሠራሁ።

ስፒሮ ሶሻሊስት ሆነ። የአባቱ ዳቦ ቤት የተወረሰበት ሰው ሶሻሊስት መሆኑ ለታኪ የማያልቅ ቀልድ ነበር፤ "አሁን ደግሞ የማንን ልትወርስ ነው?" እያለ ያበሽቀዋል። እሱ ግን ከወጣቶቹ ማኅበር ተነስቶ ፓርላማ ገባ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆነ፣ ከዚያም ለአውሮፓ ፓርላማ ተመርጦ ብራስልስና ስትራስቡርግ መመላለስ ጀመረ። ፍራንክፈርት ብዙ ግሪክ ሠራተኛ ስላለ በየጊዜው ይመጣል። ፓርቲው መኪና ሲያዘጋጅለት "ሙሉጌታ አለልኝ" ብሎ ይመልሳል። ከኋላ አይቀመጥም፤ ከፊት፣ እኔ አጠገብ ነው። የአበሻ ሱቅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ባየ ቁጥር "ሙሉጌታ፣ አንብብልኝ" ይለኛል፤ አነብለታለሁ። ለጸሐፊው፣ ለጋዜጠኛው፣ ለሚስቱም የማይለውን ሁሉ መኪናዬ ውስጥ በአማርኛ ይዘረግፈዋል። "አማርኛ ጓዳዬ ነው፤ እዚያ ማንም አይገባብኝም" ብሎኝ ነበር። የጓዳውን ቁልፍ የሰጠው ለእኔ ነው።

በእኔና በእሱ መሀል የገባችው የእህቴ ልጅ ሄለን ናት። ልጅቷ በባሕር ግሪክ ገብታ፣ እዚያ አሻራ ሰጥታ ነበር ጀርመን የመጣችው። ሕጉ ደግሞ አሻራ ወደሰጠሽበት አገር ተመለሺ የሚል ነው። ስፒሮን ለመንኩት። አንድ ቃል እንዲናገርላት ብቻ። "እስቲ አያለሁ" አለኝ። ስደውል ስብሰባ ላይ ነው፤ ደግሜ ስደውል ባቡር ውስጥ ነው። ሄለን ቦናመስ ሰፈር እኔ ቤት ትመጣና ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "ጋሼ፣ ሰውየህ ምን አለ? ከአሙቱ ቴርሚን ሰጥተውኛል እኮ" ትለኛለች፤ የስደተኛ ቢሮው ቀጠሮ ሰጥቶኛል ማለቷ ነው። "እያየው ነው" እላታለሁ። አንድ ቀን ማለዳ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳትና በአውሮፕላን አቴንስ መለሷት። ከዚያ ስትደውልልኝ መናፈሻ ውስጥ እያደረች ነበር። ስፒሮ ሞክሮ አልሆንለት ብሎ ይሁን ወይ ከነጭራሹ ረስቶት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄው አላውቅማ! አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቅቶኝ ቂም ይዤ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን የግሪክ ነገር ተበላሸ። መንግሥቱ ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፣ የጡረታና የደሞዝ ቅነሳ መጣ፣ የስፒሮም ፓርቲ ቅነሳውን ደግፎ ቆመ። እሱ ፍራንክፈርት ያሉትን ግሪኮች ሰብስቦ እንዲያስረዳ ተላከ። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ነው፣ ታኪ ከኋላ ተቀምጧል። ኦይሮፓፊርቴል የሚባለው አዲስ ሰፈር ላይ መንገዱ በግንባታ ተዘግቶ ቆምን። ስፒሮ ክሬኖቹን ሲያይ ቆየና፣ "እኔ በዚህ ነገር አላምንም" አለ። "ጡረተኛውን 'ታገሥ፣ ይመለስልሃል' እለዋለሁ። አይመለስለትም። እነሱን ብሆን ራሴን በድንጋይ ነበር የምቀበለው።"

ታኪ ከኋላ፣ "ታዲያ ለምን ትናገራለህ?" አለው።

"ፓርቲው በል አለኛ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያበላኝ ፓርቲ ነው፤ ዛሬ ጥዬው ልሂድ?"

እኔ መሪዬን ይዤ ስለ ሄለን ነበር የማስበው። ለፓርቲው ሲሆን ያላመነበትን የሚናገር አፍ፣ ለእህቴ ልጅ አንድ ቃል አጣላት እያልኩ በገንኩ።

አዳራሹ ደርሰን ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት ውጭ ቆሜ ሳለሁ አንድ የፋብሪካ ባልደረባዬ የነበረ ግሪክ ጡረተኛ አጠገቤ መጣ። "ወዳጅህ ጡረታው ይመለሳል ይላል፤ እውነት ነው?" ብሎ በጀርመንኛ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን ነገርኩት። ክሬኖቹ ስር የተባለውን፣ ድንጋዩንም ሳይቀር፣ ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ አንድ በአንድ ገልብጬ ነገርኩት። አመለጠኝ አልልም። አላመለጠኝም። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ እየተናገርኩም ደስ ይለኝ ነበር።

እረፍቱ አልቆ ሁላችንም ስንገባ ሰውየው ተነሥቶ በግሪክኛ ጮኸ። ግሪክኛ አልችልም፤ ግን የስፒሮን ፊት አየሁት። አዳራሹ በጩኸት ሲናወጥ እሱ ቀና ብሎ አንድ ሰው ብቻ ተመለከተ። ታኪን። መኪናው ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፤ አንዱ ራሱ ነው፣ አንዱ ግሪክኛ የማይችለው ሙሉጌታ ነው። የቀረው ታኪ ነው። እኔን አንዴም አላየኝም።

ወሬው ሲዞር ሲዞር አቴንስ ደረሰ፣ ጋዜጣም ላይ ወጣ። ሁለቱ የአጎት ልጆች ተኳረፉ። ታኪ ሆኽስት ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረችው ምግብ ቤቱ ተቀምጦ፣ "ማን እንደተናገረ እኔስ በምን አውቃለሁ? እኔ ግን አልተናገርኩም" እያለ ለመጣው ሁሉ ይምላል። ለእኔም ማለልኝ። እኔ ምን አልኩት? "አይዞህ፣ ይበርዳል" አልኩት።

የታኪ እናት እማማ ካቲና ታመሙ። አስጠርተውኝ አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡኝና እጄን ያዙ። "ሙሉጌታ ልጄ፣ አንተ የሁለቱም ወንድም ነህ። እንደ አገራችን ወግ አስታርቅልኝ" አሉኝ። "እማማ፣ እርስዎ ብለው እንዴት እምቢ እላለሁ?" አልኳቸው። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ከቤተ ክርስቲያን አንድ አዛውንት ጨምሬ ሽማግሌ ሆንኩ።

ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ተቀመጥን። ስፒሮ ለእማማ ካቲና ሲል ከብራስልስ መጥቷል። የስፒሮን ቅሬታ ሰማን፤ ታኪም "አልተናገርኩም" አለ። የእኛን ሽምግልና ታውቁታላችሁ፤ የምንፈልገው ዕርቅ እንጂ እውነት አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ዝቅ ማለት አለበት። ታኪን ወደ ወጥ ቤቱ ወስጄ፣ "አጥፍቻለሁ በለውና ይለቅ" አልኩት።

"ያላጠፋሁትን?"

"ቃል አይደለም እንዴ? ለእናትህ ስትል።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አጥፊው ማን እንደሆነ ከእግዚአብሔር ሌላ ብቻዬን የማውቀው እኔ። ታኪ ሽርጡን ፈቶ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለና ወጣ። የስፒሮ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብሎ፣ "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" አለው። ስፒሮ አንስቶ ሳመው፤ ሁለቱም አለቀሱ። እኔም እጄን ዘርግቼ መረቅኋቸው። "ቂም በልባችሁ አይደር" አልኩ። አሁን ሳስበው ምላሴ ያን ጊዜ እንዴት አልተሳሰረም?

ዕርቁ ምን አመጣ? ከዚያ በፊት ስፒሮ የሚጠረጥረው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አወቀ። ታኪ በራሱ አፍ አምኗላ! በሚቀጥለው ምርጫ ፓርቲው ስፒሮን ከዕጩነት ሲያስቀረው፣ ለዘመዱ ሁሉ "የገዛ የአጎቴ ልጅ ነው የጣለኝ፤ ይቅር ብዬዋለሁ" እያለ ይናገር ነበር። ይቅር መባሉ ታኪን ከኩርፊያው የባሰ ጎዳው። ግሪክ ደንበኞቹ ቀሩበት። አንድ ቀን ብቻውን ሳገኘው፣ "ያቺን ቃል ባልላት ይሻለኝ ነበር" አለኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ያዘንኩለት መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ ልቡ ከዳው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ወድቆ ሞተ። እማማ ካቲና ልጃቸውን ቀበሩ። ስፒሮ ከአቴንስ መጥቶ መቃብሩ ላይ አጠገቤ ቆመና በጓዳው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ "ያም ሆነ ይህ ወንድ ነበር። ጥፋቱን አመነ" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። "አመነ።"

ሬሳው ፊት! ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። የመጀመሪያውን በንዴት ሠራሁት እንበል። ሽምግልናውን በፍርሃት ሠራሁት እንበል። ይህንንስ? ታኪ ሞቷል፣ ስፒሮ ከሥልጣን ወርዷል፣ ሄለንም ከአቴንስ ወጥታ ስዊድን ገብታለች። የማተርፈው አንድም ነገር አልነበረም። "አዎ" ያልኩት እንዲሁ፣ ለምዶብኝ ነው።

ስፒሮ በየበዓሉ ይደውልልኛል። "ሙሌ፣ ከልጅነቴ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ" ይለኛል። እኔም ስልኩ ላይ መናገር እየቻልኩ ተቀምጬ ይህን ጻፍኩ፤ በመጻፌም ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጨርሼ ሳነበው ነው ምን እንዳደረግኩ ያየሁት። ስፒሮ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አያውቅም። ዛሬም የተናዘዝኩት እሱ በማይደርስበት ቦታ ተደብቄ ነው። ስለዚህ ይቅር አትበሉኝ፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ይህን ጽሑፍ አቴንስ ወስዳችሁ እጁ ላይ ብታስቀምጡለት እንኳ፣ ወረቀቱን ይዞ የሚደውለው ለእኔው ነው። "ሙሉጌታ፣ አንብብልኝ" ይለኛል።