የአባቴ የዳሌ አጥንት

አባቴ በቄራ ውስጥ የበሬ ዳሌ የሚፈልጥ ሰው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ፋስና በሁለት ቢላዋ ኖረ። ፋሱን ሲያሳርፈው አጥንቱ እንደ ደረቅ ግንድ ይጮሃል፤ ደሙ እስከ ደረቱ ይረጫል። ያ ክንድ ቤት ሲገባ ጸጉሬን ይጎነጉን ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጸጉሬ የእርሱ ሥራ ነበር፤ እንደ ገመድ ስለሚያጠብቀው ዓይኔ እስኪወጠር ድረስ እችለው ነበር።

በዚያ ዘመን የቄራው ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ደሙን ይመረመር ነበር። አሥራ አምስት ዓመት በሞላኝ ጊዜ የአባቴ ነጭ የደም ሕዋስ የጤነኛ ሰው ልክ ከተጻፈበት ሠንጠረዥ በታች ሆኖ ተገኘ። አለቃው ቢላዋዎቹን ከወገቡ ፈታበት።

«ንጹሕ ወረቀት እስክታመጣ ሥጋ አትነካም።»

«እኔ ታምሜ አውቃለሁ?»

«እኔን ምን ትለኛለህ? ወረቀቱን ጠይቀው!»

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት፣ ትሑትና ችኩል ነበር። የደም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል መቅኒው ይታይ አለ። አባቴን በሆዱ አስተኙት፤ እጁን እኔ ያዝሁ። ሐኪሙ እጀታ ያለውን ወፍራም መርፌ በሁለት እጁ ተጭኖ፣ እያዞረ የዳሌውን አጥንት ይሰረስር ጀመር። አጥንቱ ተንቋቋ።

«ዶክተር፣» አለ አባቴ ጥርሱን ነክሶ፣ «እኔ በቀን አርባ ዳሌ እፈልጣለሁ። ሁለት ጣት ወደ ላይ ብትል ይቀልልሃል።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። መቅኒው ሲሳብ ግን ከአባቴ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ የሰው አልነበረም፤ ጣቶቼን ሊሰብራቸው ምንም አልቀረው።

ናሙናው አልበቃም ተብሎ በወሩ ደግመው ሰረሰሩት። ሁለተኛው ቁስል አመረቀዘ፤ ቡጢ አክሎ ያበጠውን በምላጭ ቀደው መግሉን አወጡ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ ግራ እግሩን እየጎተተ ኖረ፤ ፋስ ይዞም አልቆመ። በሽታ ግን አልተገኘም። ሐኪሙ በዚህ ተደስቶ ማሰናበት ሲገባው፣ የቤተሰብ በሽታ ይሆናል ብሎ ልጁም ትመርመር አለ። የእኔም ነጭ ሕዋስ ጥቂት ሆነ።

በቀጠሮዬ ቀን በሆዴ ተኛሁ። ነርሷ ዳሌዬን በአልኮል ስትጠርግ አባቴ ያንኑ መርፌ በሐኪሙ እጅ አየ።

«እሷን አይሆንም።»

«ጋሼ፣ ለእሷው ብዬ ነው። ብንዘገይ...»

አልጨረሰም። አባቴ ጋዋኑን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። የሐኪሙ ከንፈር ተሰነጠቀ፤ ትሪው ተገለበጠ፤ ብልቃጡ ሁሉ ወለሉ ላይ ረገፈ። ዘበኛው ሮጦ ገብቶ አባቴን በዱላ ግንባሩን ፈነከተው። አልለቀቀም። ሁለተኛው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ።

«ከፈለግህ እኔን ሦስተኛ ሰርስረኝ!» ይላል ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ «ልጄን ብትነካ ግን እገድልሃለሁ!»

በጩኸታችን የላብራቶሪዋ ባለሙያ መጣች፤ ጡረታዋ የደረሰ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ነበረች።

«ልቀቀው ወንድሜ! አንተም ዱላህን ጣል!» ብላ ካላቀቀቻቸው በኋላ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልህ፤ መቼ አነበብህ? ደም ሊለግሱ የሚመጡትን ጤነኞች ስቆጥር ከሦስቱ አንዱ ከሠንጠረዥህ በታች ነው። እኔም አለሁበት! ሠንጠረዡ የወጣው ከሌላ አገር ሰዎች ደም ነው። እንግዲህ ሁላችንንም ልትሰረስረን ነው?»

«ታዲያ በምን ይለያል?» አለ ሐኪሙ ደሙን እየዋጠ።

«በቀይ የደም ሕዋሱ ዓይነት፤ የውርሱ ምልክት ቀዩ ላይ ይታያል። ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከተረፈው ደማቸው የሁለቱንም አይቼዋለሁ፤ ይኸው ውጤቱ። በዘር የወረደላቸው ነው። በደም ሥራቸው የሚዘዋወረው ነጭ ሕዋስ ጥቂት ቢሆንም ሲያስፈልግ ይደርስላቸዋል። በሽታ አይደለም።»

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ካርዴን አንሥቶ «አጥንቷ አይነካ» ብሎ ጻፈበት፤ ከከንፈሩ የወረደው ደም ጠርዙን አቀላው።

«አንብብልኝ፣» አለው አባቴ።

አነበበለት።

«ድገመው።»

ደገመለት። ያን ጊዜ አባቴ በሚጎትተው እግሩ ወደ እኔ ተራመደ። ስባሪው ላይ ሊወድቅ ሲል ያ ግንባሩን የፈነከተው ዘበኛ በብብቱ ገብቶ ደገፈው።

«አቤት ክብደት! ምን በልተህ ነው ሰውዬ?» አለ እያለከለከ።

«ወደ ላይ ያዘኝ፤ የግራው ዳሌ አያስነካም።»

እንደተደጋገፉ እስከ በሩ ሄዱ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ስባሪውን እየዘለልኩ፣ በጤነኛ እግሬ ተከተልኳቸው።