ገባሁ፣ ወጣሁ

ለሦስታችን አንድ ኢሜይል ነበረን። እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ልብስ እሰፋለሁ፤ ታላቅ እህቴ መተማ ከእናታችን ጋር ናት፤ ታናሽ ወንድማችን ፋሽጋ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። ስልኩ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀበት ወዲህ የትራክተር ነጂውን ስልክ እየለመነ ነበር ኢሜይሉን የሚከፍተው። ለራሳችን ደብዳቤ ከመላክ ብለን አንድ ደብዳቤ ጀመርንና ሳንልከው ረቂቅ አድርገን ተውነው። ሦስታችንም እሱኑ እየከፈትን ከሥር ከሥሩ እንጽፍ ነበር።

ሕግ ያወጣው ወንድሜ ነው። ሁለት ሰው እኩል ከፍቶ ከጻፈ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ «ገባሁ» ይላል፣ ሲጨርስ «ወጣሁ»። «ገባሁ» ብቻ ያየ ይጠብቃል። ወታደር ቤት አደረግኸው ብዬ ስቄበታለሁ። «አንቺ እንደሁ ሳታንኳኪ ነው የምትገቢው» ብሎ ጻፈልኝ።

አጨዳ ሲደርስ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። እናቴ በየቀኑ እህቴን ትጠይቃለች፣ እህቴ እኔን። እኔ ደግሞ ስጨነቅ የምቆጣ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ቀትር ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ረቂቁን ከፈትኩና «ገባሁ» እንኳን ሳልል ጀመርኩ። «አንተ ልብ የለህም። እናትህን በሐሳብ ልትገድላት ነው። ከእንግዲህ ብትጽፍም ባትጽፍም ለእኔ አንድ ነው።» ደንበኛ ሲመጣ እያቆምኩ፣ ሲሄድ እየቀጠልኩ ብዙ ጻፍኩ።

ጨርሼ ብዙም ሳልቆይ እህቴ ደወለች።

«ልጁ የጻፈውን ወዴት አደረግሽው?»

«ምን ጻፈ?»

«አሁን እያነበብኩት ነበር እኮ። ወባ ጥሎት ከርሟል፣ ተሽሎታል። እዚህ አልሆነኝም፣ ነገ ከሁለት ልጆች ጋር እሄዳለሁ ይላል። ወዴት እንደሆነ ከታች ሳይጽፈው አይቀርም፤ እማዬ ጠራችኝ። ስመለስ በቦታው ያለው ያንቺ ስድብ ብቻ ነው።»

እኔ እዚህ ስጽፍ እሱም እዚያ እየጻፈ ነበር። የኔ በላዩ ተቀመጠ።

ወደ ፋሽጋ የሚወርዱ ሾፌሮችን ሁሉ ለመንኩ። አንዱ የእርሻውን ወኪል አግኝቶልኝ በስልክ አገናኘን። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሐሙስ ጠዋት ሄዷል» አለኝ። ወዴት ብለው አያውቅም። ይኸው ሌላ አጨዳ መጣ፤ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

እህቴ ለእናታችን ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ ነው ያለው ብላታለች። እኔን ሌት ተቀን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። ከመሄዱ በፊት መልስ አለ እንደሆነ ብሎ ከፍቶት ከሆነስ? ታምሜ ነበር ብሎ የጻፈውን አጥፍቼ በቦታው ስድብ ያስቀመጥኩለት ነው የሚመስለው። ይህን ለእህቴም አልተናገርኩም። አፍራለሁ።

ስድቤን አላጠፋሁትም፤ አይቶት ከሆነ ይቅርታ የምለምነው ስለምን እንደሆነ እንዲያውቅ። ከሥሩ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ጻፍኩለት። አሁን በየቀኑ ቀትር ላይ ከፍቼ «ገባሁ» እላለሁ። አዲስ ነገር የለም። ቶሎ ብዬ «ወጣሁ» እላለሁ፤ ሊጽፍ መጥቶ እኔን ሲጠብቅ እንዳይቆም።