በቦርሳ የገባ መነጽር

የዓይኔን ሞራ ለማስመርመር ተራ ስጠብቅ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ሃያ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥፍሯን አሳምራለች፤ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህለው መነጽሯ ግን ጆሮዋ ጋ በፕላስተር ተጠግኗል። ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ በቃሏ እያጠናችው ነው። ለካ መነጽር የሚያስጥለው የሌዘር ሕክምና የሚሠራላት የመነጽር ቁጥሯ መጨመሩን ካቆመ ብቻ ነው።

ገብታ ወዲያው ወጣች። በቃል የተጠና ነገር የመለኪያውን ማሽን አያታልለውም።

«ዘንድሮም ጨምሯል፤ ሁለት ዓመት ጠብቂ አለኝ ሐኪሙ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ ልጄ? ዓይን እኮ ነው!»

«ሠርጌ ደርሷል፣ እትዬ። እሱ መነጽር ያደረገች ሴት አይወድም። ማድረጌንም አያውቅም።»

ተራዬ እስኪደርስ ልሸኛት ብዬ ተያይዘን ወደ በሩ ሄድን። መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አክስቴን አሳክማለሁ ብዬው ነው የመጣሁት፤ አንዴ አክስቴ ይሁኑልኝ። ማዶ መኪናው ጋ ቆሟል አይደል? እስቲ ይዩልኝ፣ ፊቱ ተቆጥቷል?»

በአንዷ ደህና ዓይኔ አየሁት። ይህን ፊት አንድ ቀን በመነጽር አይታው ቢሆን ኖሮ ሠርግ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።