አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ

ባለፈው ሳምንት ከሀና ማርያም ወደ መካኒሳ በታክሲ ስሄድ ሳላስበው «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ ዞሮ አየኝና «እማማ፣ መካኒሳ ነው ያሉኝ፤ ገና አልደረስንም እኮ» አለኝ። የከፈልኩት እስከ መካኒሳ ነው፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ቢሆንም አፌ ቀድሞኝ ከተናገረ በኋላ መመለስ አፈርኩና ወረድኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ልጆቼ ያውቁታል።

ድሮ ሂሳቡ የሚቀየረው እዚያች ፌርማታ ላይ ነበር። እዚያ የወረደ በትንሹ ይገላገላል፤ አንዲት ፌርማታ ያለፈ ግን ጨምሮ ይከፍላል። ያኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። መካኒሳ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥሬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ጠዋት እዚያች ፌርማታ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ፣ ማታም እስከዚያችው በእግሬ መጥቼ እሳፈራለሁ። የተረፈችውን ሳንቲም አስቀምጣለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የራሴ የስፌት መኪና። ያለዚያ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቁልፍ ስተክል መኖሬ ነው።

ኑሯችን ከእጅ ወደ አፍ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ በየሰዉ ቤት ልብስ ታጥባለች፤ የእኔም ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ነው የሚሄደው። በወሩ መጀመሪያ ሽሮውን፣ ዘይቱን፣ ከሰሉን ስትደለድል አጠገቧ እቀመጥ ነበር። «ሲተርፈኝ አስቀምጣለሁ ያለ ሰው አስቀምጦ አያውቅም» ትለኛለች። ደግሞ ገንዘብ ቤት ውስጥ አይቀመጥም ባይ ነች፤ ቤት ያለ ገንዘብ የቤቱን ችግር ይሰማል፣ ሰምቶም ዝም አይልም ትላለች። በእሷ ምክር አንድ አናጢ ጋ ሄጄ ከላይ ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ዙሪያውን በምስማር የተመታ ሳጥን አሠራሁ። ሳጥኑን ለጎረቤታችን ለባለሱቋ ለእትዬ ዘይነባ በአደራ ሰጠሁ። ሳንቲሜን ይዤ እየመጣሁ እከታለሁ፤ ለመስከረም ይሰበራል። እስከዚያ እኔ ራሴ ብለምንዎት እንኳ እንዳይሰጡኝ አልኳቸው። «አደራ ከባድ ነገር ነው፣ ኋላ እንዳታስቸግሪኝ» አሉኝና ከሳሙና ካርቶኖቹ መሃል አስቀመጡት።

ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆነ። በመንገዱ ዳር በቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ። ሽታው ስለሚያሸንፈኝ እነሱን ስቃረብ ወዲያ ማዶ እሻገራለሁ። ያለችኝ አንዲት ሸራ ጫማም ከፊት አፏን ከፈተች። አዲስ ብገዛ የስንት ጊዜ ሳንቲሜን ትበላለች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከውስጥ ካርቶን ጎዘጎዝኩባት። እናቴን ግን የማጠራቅመው ደንበኞች የሚሰጡኝን ጉርሻ ነው ብያት ነበር። በዝናብ መሄዴን ብታውቅ አትፈቅድልኝም።

በዚህ መሃል ወሊሶ ያለችው አክስቴ ልጇን ልትድር ሆነ። ሙሽራው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስለሚሄድ ሰርጉ መስከረምን አልጠበቀም፤ ፍልሰታ እንደተፈታ ተባለ። አባቴ ሲሞት ሥራዋን ትታ መጥታ እስከ አርባው ከእናቴ ጎን ያልተለየችው ያቺ አክስቴ ነች። እናቴ እንዴት ባዶ እጇን ትሂድ? ስታሰላስል እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴን እትዬ ዘይነባ ሱቅ በር ላይ አገኘኋት። እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ሳሙናው አዞረች።

«እናትሽ ሳጥኑን ፈልጋ ነው» አሉኝ እትዬ ዘይነባ። «አደራው ያንቺ ነው፣ አንቺ ሳትኖሪ አልሰጥም ብያታለሁ።»

የስፌት መኪናዋ ስትሄድ ታየችኝ። ግን እናቴን በእህቷ ደጅ እንዴት ላሳፍራት? ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ ያልኩትን ይርሱት፣ ይስጧት አልኩ። እናቴ ሳጥኑን ታቅፋ ወደ ቤት ስትዞር ልከተላት ብዬ እግሬን ሳነሳ የጫማዬ ሶል ጭቃው ውስጥ ቀረ። እርጥቡ ካርቶን ተንጠለጠለ።

«ጫማሽን ምን ነካው?» አለችኝ።

መዋሸቱ ደክሞኝ ነበር። አንድ ፌርማታ ቀድሜ እንደምወርድ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በሙሉ እሱ እንደሆነ ነገርኳት። በዚህ ዝናብ? አለችኝ። አዎ አልኳት። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ መለሰችው።

«ዘይነባ፣ ቦታው መልሺልኝ። ይሄ በእግር የመጣ ነው፤ ለሰርግ አይሄድም።»

«ታዲያ ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ሁለት እጅ አለኝ» አለች።

ሄደች። ስትመለስ ሰርጉ አማረ ከማለት በቀር ምንም አላወራችም። በመስከረም ሳጥኑን ሰበርነው። የገዛሁት አሮጌ፣ በእጅ የሚዞር መኪና ነበር፤ ሲሰፋ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። እኛን አበላን፣ በኋላም በፔዳል የሚሠራ አስገዛን።

እናቴ ካረፈች በኋላ አክስቴ አንድ ቀን ስለዚያ ሰርግ አነሳችብኝ። «እናትሽ እኮ ሙሽሮቹን አላየቻቸውም» አለችኝ። «ከመጣች ጀምሮ ጓዳ ገብታ ድስት ስትፈገፍግ ነው የሰነበተችው። ስጦታ በስም እየተጠራ ሲሰጥ ነይ ውጪ ብላት፣ እጄ ጥቀርሻ ነው ብላ እምቢ አለችኝ።» አክስቴ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ከታክሲው ከወረድኩ በኋላ ቀስ እያልኩ አዘገምኩ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ግን አሁንም አሉ። ወዲያ ማዶ አልተሻገርኩም፤ አንድ ገዝቼ እየፈለፈልኩ ሄድኩ። የመጀመሪያዋን መኪናሽን በምን ገዛሻት ሲሉኝ በታክሲ ሳንቲም እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ እናቴ ወሊሶ ጓዳ ውስጥ ድስት እየፈገፈገች ከፍላዋለች።