በደቦ የተሞላው መጠይቅ

ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት በክረምት ፕሮግራም ነው። ዓመቱን ሙሉ ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣዬን ይዤ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። የትምህርቱ ስም የአካባቢ ትምህርትና ተግባቦት ይባላል። ተግባቦት! ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ጥያቄ ቀላል ነበር። ገበሬው በየዓመቱ እህሉን ከወቃ በኋላ ለተፋሰስ ሥራ ይጠራል፤ እርከን ይሠራል፣ ስብሰባ ላይም አፈሩ እየታጠበ መሆኑ ይነገረዋል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት የተነገረውን አምኖበታል ወይ፣ እርከኑስ በእርግጥ ጠቅሞታል ወይ የሚለውን ነው። ለዚህም ከቡሬ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ቀበሌ መረጥኩ።

የሄድኩት በሚካኤል ዕለት ነው። በሥራ ቀን ገበሬ አይገኝም፤ በሚካኤል ግን ሞፈር ስለማይነካ ቅዳሴ ሲያበቃ ሁሉም ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይሰበሰባል። ችግሩ፣ ይህን የቀበሌው ሊቀመንበርም ያውቃል። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ ሰዉን በአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ ቡድን ቡድኑን ለይቶ አስቀመጠልኝ። መሪው ይመልሳል፣ የቀሩት "እንደሱ ነው" ይላሉ። "እርከኑ ጠቅሟችኋል?" "በጣም!" "ግንዛቤ አግኝታችኋል?" "በሚገባ!" ለየብቻ ባነጋግራቸው ይሻላል ብዬ አንዲት ባልቴት ወደ ጥላ ይዤ ሄድኩ።

"መሪያችን ያለው ነው እንግዲህ፤ እኔ ምን ልጨምርበት?" አሉኝ።

ለመንኳቸው። ወይ ፍንክች!

ዩኒቨርሲቲ ስመለስ አማካሪዬ የመጠይቁን ወረቀቶች ገለጥ ገለጥ አደረገና ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ይሄን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው" አለኝ። "ይሄ ሁሉ ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ይመልሳል? ሂጂና በትክክል ሰብስቢ፤ አለዚያ ዘንድሮ መመረቅ የለም።" ስብሰባ የለመደ ሰው እንዲህ እንደሚመልስ ላስረዳው ሞከርኩ። ማን ይስማኝ! ያን ቀን ከንዴቴ የተነሳ ምሳ እንኳን አልበላሁም።

ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ሊቀመንበሩ ጋ ዝር ሳልል በቀጥታ አንድ ሽማግሌ ቤት ገባሁ። የሰንበቴያቸው መሪ ስለሆኑ ሰው ይሰማቸዋል። "አባባ፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት መለሳችሁና እኔ ልወድቅ ነው" አልኳቸው። ምርር ብሎኝ ስለነበር ዕንባዬም መጣ። ሽማግሌው ክው አሉ።

"በእኛ የተነሳ? አይደረግም ልጄ! እሁድ ነይ።"

እሁድ ሰዉ አንድ በአንድ፣ ለየብቻው ሽማግሌው ግቢ መጣልኝ። የመጀመሪያው "ጠቅሞኛል" አለ። ቀጣዩ "ምኑ ይጠቅማል፣ መሬቴን አጠበበብኝ እንጂ" አለ። በመጨረሻ እውነቱ ሊወጣ ነው ብዬ በደስታ ጻፍኩ። ከዚያ እኒያ ባልቴት ቀረቡ። ጥያቄዬን እንኳን ሳልጨርስ፣ "የእኔ 'አልጠቀመም' ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያለነው እንደሱ እንድንል ተባብለናል" አሉኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብለው።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

"እንዳትወድቂ ብለን መልሱን ተካፈልነው" አሉኝ። "እህሉ ደርሶ ሰው ያጣን በደቦ እናጭድለት የለም ወይ? አንቺንስ ብቻሽን እንተውሽ?"

እንዳልቆጣ ለእኔ ብለው ነው ያደረጉት፤ እንዳላመሰግን ሥራዬ ገደል ገባ።

ለአማካሪዬ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እሱ ግን ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ፊቱ በራ። "ይኸውልሽ! ዳታ ማለት እንዲህ ነው!" ተነጋግረው እንደመለሱ ደግሜ ብነግረው "ወሬውን ተይው" አለኝ። መልሱ እንዴት እንደተሞላ አንድ ገጽ ጽፌ ጽሑፉ ውስጥ ባስገባው አስወጣው። ፀሐይ ሲጠብሰኝ ውዬ የሰበሰብኩት ውሸት ተባለ፤ በደቦ የተሞላው እውነት ሆነ። በእሱም ተመረቅሁ። የምርቃት ፎቶዬን እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እኔ እሷ ቤት ስሄድ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው።

በዓመቱ ሽማግሌውን ቡሬ ገበያ በቆሎ ሲሸጡ አገኘኋቸው። "አለፍሽልን?" አሉኝ ከሩቁ። አዎ ስላቸው በዙሪያቸው ላለው ሁሉ "ይቺን እኛ ነን ያስመረቅናት!" እያሉ አወሩ። ደስታቸው በረድ ሲልላቸው ጠጋ አልኩ። በእጄ ወረቀት የለም፣ ሊቀመንበርም በአካባቢው የለም።

"አባባ፣ እንዲያው ለራሴ ልወቀው ብዬ ነው፤ እርከኑ በእውነት ጠቅሞዎታል?"

ግራ ቀኙን ቃኘት አደረጉና በሐዘኔታ አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለብሽ? የትኛውን ልበልልሽ?"