ሃምሳ አለቃ በየነ ስም ሲጠሩ

እዚህ ኦስሎ፣ ሊንደሩድ ሜዳ ላይ የማሰለጥናቸው ወጣቶች «ትሬነር፣ አንተንስ ማን አሰለጠነህ?» ይሉኛል። ሃምሳ አለቃ በየነ ናቸው። የክፍለ ጦራችን የእግር ኳስ ቡድን የግራ ክንፍ አጥቂ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲሰበር አሰልጣኛችን ሆኑ።

የመዝመት ትዕዛዝ የደረሰን ልምምድ ላይ ሳለን ነው። መለያችንን አውልቀን ክላሽ ተረከብን። አሥራ አንዳችንም በእሳቸው ሥር አንድ ጓድ ሆነን ተመደብን።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ያዝን። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ሁለት ጊዜ ተጠቃን። በረኛችን ታደሰ ምሽጉ ውስጥ ወደቀ። አምስት ሰዓት ላይ በሬዲዮ «አፈግፍጉ» ተባልን።

ከኋላችን ያለው ገላጣ መሬት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሸለቆ አለ። መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ከቀኝ በኩል አንድ መትረየስ ያጭደዋል። ሃምሳ አለቃ በደረታቸው ተኝተው ጥቂት አዳመጡ።

«ጥይት ሲቀይር ዝም ይላል። ያኔ አንድ ሰው ይሮጣል» አሉ። «ቀርፋፎቹ ይቅደሙ። ተኳሹ ዘዴያችንን ገና አልነቃበትም።»

የእያንዳንዳችንን ፍጥነት ያውቁታል። ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ይሮጣል፤ የቀረነው እናያለን። አምስቱ ተሻገሩ። ስድስተኛው ከበደ መሀል ላይ ተደፋ። ተኳሹ ነቅቶብናል። ቀጥሎ መሐመድ ተጠራ። ወደ እኔ ዞሮ «ቀበቶዬን አጥብቅልኝ» አለ። አጠበቅኩለት። ብዙም ሳይርቅ ወደቀ። ከእሱ በኋላ የተጠሩት ሁለቱ አለፉ።

እኔና ሃምሳ አለቃ ቀረን።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ መሮጥ ካቆምኩ ቆየሁ። አንተን ያስቀረሁህ ፈጣን ስለሆንክ ነው።»

መትረየሱ ዝም አለ። «ሂድ» አሉኝ።

ሮጥኩ። እግሬ መሬት መንካቱን አላስታውስም። ከኋላዬ የእሳቸው ክላሽ አንድ አንድ እያለ ሲተኩስ ይሰማኛል፤ መትረየሱን ወደ ራሳቸው እየጠሩት ነበር። ሸለቆው ውስጥ ስገባ ክላሹ ዝም ብሏል።

ሰባት ሰዓት ላይ ተቆጠርን። ስንወጣ አሥራ ሁለት ነበርን፤ የወረድነው ስምንት ነን። የአንዱንም አስከሬን አላነሳንም።

ባለፈው ቅዳሜ አጥቂያችን ሳዲቅ ጫማውን እያሰረ «ስንት ሰው ገደልክ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። የእኛዎቹን ግን ነገርኩት፦ ታደሰ፣ ከበደ፣ መሐመድ፣ ሃምሳ አለቃ በየነ። ሳዲቅ የጫማውን ክር አጥብቆ ተነሳ። ቀጥሎ የዕለቱን ተሰላፊዎች ስም ጠራሁ። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን፤ ሁሉም ወደ ቤታቸው ገቡ።