ጠብታው ሰማያዊ ሲሆን

የሥራ ባልደረቦቿ «ጥርጥሬ» ይሏታል። የሕክምና መሣሪያ ማጽጃ በሚያመርት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደም ስትቀባና ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ከቄራ የመጣ የበግ ደም በማይዝግ ብረት ሳህን ላይ ትቀባለች፤ ሲደርቅ በፋብሪካው ማጽጃ ታጥበዋለች፤ ከዚያ የደም መመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች። ደም ከቀረ ጠብታው ሰማያዊ ይሆናል። ቤቷም ቢሆን ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አገላብጣ ሳታይ ውሃ ስለማትጠጣ፣ ባሏ «አንድ ቀን እኔም ላይ ጠብ አድርገሽ ትመረምሪኛለሽ» እያለ ይስቅባታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን ማጽጃ ሞከረች። ሳህኑ መስተዋት መሰለ፤ ጠብታው ግን ሰማያዊ ሆነ። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ያው ነው።

የፍተሻውን ወረቀት ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«በዓይን የሚታይ ነገር አለ?» አላት።

«በዓይንስ የለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ፈርሚ። ማጽጃው ተሸጦ ከወጣ እኮ ሁለት ሳምንቱ ነው።»

«ወዴት?»

በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሆስፒታል በአገጩ አሳያት። ክው አለች። ሳትፈርም ወጣች፤ የመመርመሪያውን ጠርሙስ ጋዋኗ ኪስ ከታ መንገዱን ተሻገረች።

የሆስፒታሉ የመሣሪያ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ፣ ጠና ያሉ ሲስተር፣ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖርኩት መቀስ ማጠብ ሳልችል ነው? ደግሞስ በእንፋሎት ይቀቀል የለም?»

«ደም የሸፈነው ጀርም ጋ እንፋሎቱ አይደርስም፣ ሲስተር።»

ታጥቦ የተደረደረውን ትሪ አቀረቡላት። በመቀሱ መጋጠሚያ ላይ ጠብ አደረገች። ሰማያዊ። መቆንጠጫውም ሰማያዊ። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተዉት።

«ሰሞኑን ቁስላቸው አልሽር ብሎ የተመለሱ ነበሩ» አሉ ሲስተር። «አቅም አንሷቸው ነው ብለን ዝም አልን።»

ከውጭ የበሽተኛ አልጋ ጎማው ሲጥ ሲጥ እያለ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፋ ተሰማ። ሲስተር በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። «ቁም! እንዳታስገባው!»

የዚያን ቀን ቀዶ ጥገናው ሁሉ ቆመ። ጥርጥሬም ከፋብሪካው ተደውሎ ከሥራዋ መታገዷ ተነገራት። እሷ ግን ከሲስተር ጎን ተቀምጣ፣ በሁለቱ ሳምንታት ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው አንድ በአንድ እየደወለች «ትኩሳት አለዎት?» ስትል ዋለች። ብዙዎቹ ደህና ነን አሏት።

አንዷ ግን፣ «ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረኝ» አለች። «እንዴት አወቅሽ?»